የሚቆራረጥ ሥዕል በነጋዴ ቤት፤ ጥፋቱ ከውጭ ነው ወይስ ከግቢ?

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የኢተያ ከተማ የሄጦሳ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ዙሪያዋን የስንዴና የገብስ ማሳ የከበባት የእህል ገበያ መሆኗ ለአንባቢዎች አዲስ ነገር አይደለም። በዚያ ያሉ የአያሌ ነጋዴዎች ግቢ አሠራሩ ይመሳሰላል፤ ሱቁ በመንገዱ ዳር ይሆናል፤ ከሱቁ በስተጀርባ በቆርቆሮ የተሠራው መጋዘን ይቆማል፤ ከመጋዘኑ ወዲያ ደግሞ መኖሪያ ቤቱ ይገኛል። ይህን የቤት አቀማመጥ አስቀድሞ መናገር ያስፈለገበት ምክንያት ከዚህ በታች ይገለጻል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ኢንተርኔት የተባለው አገልግሎት ከመሥሪያ ቤትና ከሆቴል አልፎ በየሱቁና በየመኖሪያ ቤቱ ገብቷል። ቀድሞ ናሙናው በከረጢት ተቋጥሮ በአውቶቡስ ይላክ የነበረው ስንዴ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ወይም በአዳማ የተቀመጠው ገዢ በስልኩ መስተዋት ላይ እያየው ዋጋ ይነጋገርበታል። ዕቃ አስመጪው በዱባይ ያለውን መደብር ከወንበሩ ሳይነሣ ይጐበኛል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ትምህርቱን በዩቲዩብ ይከታተላል፤ በባሕር ማዶ የሚኖር ልጅ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወላጆቹ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ይነጋገራል። በሻይ ቤትም ቢሆን የእግር ኳስ ጨዋታ በመካከሉ የቆመበት ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ጐረቤት ይሻገራል። ስለዚህ ሥዕሉ ደርቆ ትንሿ ክብ መዞር ስትጀምር፣ ወጣቶቹም «ሎድ እያደረገ ነው» ሲሉ፣ የሚስተጓጐለው መዝናኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በኢተያ የሚኖሩ አንድ የእህል ነጋዴ በዚሁ ጉዳይ የደረሰባቸውን በዝርዝር መናገሩ ተገቢ ይሆናል። ነጋዴው የኢንተርኔቱን መሥመር ያስገቡት በክረምት ነበር። ከውጭ የሚመጣውን መሥመር ተቀብሎ በአየር የሚያሠራጨው ራውተር የተባለው ሣጥን በሱቁ ውስጥ ከሒሳብ ጠረጴዛው በላይ ተሰቀለ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ያለው ከመጋዘኑ ወዲያ በመኖሪያ ቤቱ ሳሎን ነው። ክረምቱንና መስከረምን ሥዕሉ ያለ እንከን ሲታይ ከረመ። ታኅሣሥ ሲገባ ይቆራረጥ ጀመር፤ በጥር ጭራሽ የማይታይ ሆነ። ነጋዴውም ጥፋቱ የአገልግሎት ሰጪው ነው ብለው ስለ ደመደሙ፣ 5 ሜጋቢት የነበረውን ፍጥነት ወደ 10 አሳደጉ፤ ወርኃዊው ክፍያም አብሮ ጨመረ። ለውጥ አልታየም። ቀጥለውም ሪፒተር የተባለውን ምልክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ከአዳማ ገዝተው በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰኩት፤ በስልካቸው ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት ሞላ፤ ሥዕሉ ግን እንደ ቀድሞው ቆመ። በመጨረሻም «ቴሌቪዥኑ አርጅቷል» የሚል ምክር ተሰጥቷቸው የአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የጐዳቸው ግን የቴሌቪዥኑ ነገር አልነበረም። ለአንድ የዱቄት ፋብሪካ እህል የሚገዛ ሰው ክምችቱን በቪዲዮ ለማየት ጠይቆ ሳለ፣ ነጋዴው ስልካቸውን ይዘው በመጋዘኑ ውስጥ ሲዘዋወሩ ሥዕሉ ሦስት ጊዜ ደረቀ። ገዢው በትሕትና «ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» ብሎ ተሰናበተ፤ በማግሥቱም ከሌላ ነጋዴ ገዛ። እህሉ ንጹሕ ነበር፤ ነቀዝም አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ልክ የጆንያው አፍ ሲፈታ ሥዕል የሚቆምበትን ነጋዴ ሰው ቢጠራጠረው የሚፈረድበት አይደለም።

እንዲህ ያለውን ችግር ለመመርመር በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሥዕሉ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚደርሰው ሁለት የተለያዩ መንገዶችን አልፎ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ከውጭ እስከ ራውተሩ ድረስ ያለው ነው፤ ይህም በመዳብ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ ማማ በኩል የሚመጣ፣ ገንዘብ የሚከፈልበትና ኩባንያው ኃላፊ የሆነበት ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው ሲሆን፣ ይህኛው በአየር የሚሄድ፣ ማንም የማይከፍልበትና ተጠያቂውም የቤቱ ጌታ ብቻ የሆነበት ነው። ፓኬጁን ከፍ ማድረግ የመጀመሪያውን መንገድ ያሰፋል እንጂ ሁለተኛውን አንዲት ክንድ አያሰፋውም። ከአዳማ እስከ ኢተያ ያለው አስፋልት እጥፍ ቢሰፋ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ እስከ መጋዘኑ በር ያለው ጭቃ ያው ጭቃ ነው፤ የጭነት መኪናውም የሚቀረቀረው እዚያ ነው።

ቪዲዮ የሚላከው እንደ ምንጭ ውኃ ሳያቋርጥ በመፍሰስ አይደለም፤ በጥቂት ሴኮንዶች ልክ እየተቆረሰ በየቁራሹ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ የመጣለትን ሁሉ ወዲያው አያሳይም፤ ጥቂቱን በማከማቻው እያኖረ፣ ገበሬ ከጐተራው እየቀነሰ እንደሚመገብ ሁሉ፣ ከዚያ እየቀነሰ ያሳያል። የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ጐተራው ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ ይቆማል። ዩቲዩብና እሱን የመሳሰሉት አገልግሎቶች መንገዱ መጥበቡን ሲያውቁ የሥዕሉን ጥራት በራሳቸው ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ሥዕሉ በመጀመሪያ ይደበዝዛል፤ የሚቆመው ይህም ሳይበቃ ሲቀር ነው። በቪዲዮ የሚደረግ የስልክ ንግግር ግን ሊያከማች የሚችለው ከቅጽበት አይበልጥም፤ ገና ያልተነገረ ቃል አስቀድሞ ሊከማች አይችልምና። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ፊልሙ በደኅና እየታየ ንግግሩ ቢቆራረጥ የሚያስገርም አይሆንም።

ለመሆኑ ምን ያህል ፍጥነት ይበቃል? ዩቲዩብ እንደሚያመለክተው፣ 480 በሚባለው መጠነኛ ጥራት ለሚታይ ሥዕል 1.1 ሜጋቢት በሴኮንድ፣ ለ720 2.5 ሜጋቢት፣ ለ1080 ደግሞ 5 ሜጋቢት ይበቃል፤ አራት ኬ ለሚባለው እጅግ ጥርት ላለው ሥዕል 20 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማሳሰብ ያሻል፤ ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ነው። ባለ 10 ሜጋቢት መሥመር የገዛ ሰው ስልኩ «1.2 ሜጋባይት በሴኮንድ» ብሎ ቢያሳየው ተታለልሁ ብሎ መጮህ የለበትም፤ የተከፈለበት በሙሉ ማለት ይቻላል ደርሶታል። ከላይ የተነገረላቸው ነጋዴ ቴሌቪዥን ከ1080 የሚበልጥ ሥዕል የማያሳይ ስለሆነ፣ 5 ሜጋቢት ከሳሎን ድረስ ቢደርስላቸው ኖሮ ለእርሱ ይበቃው ነበር።

ነገሩን የፈታው ስልክ በመጠገን የሚተዳደር አንድ የከተማይቱ ወጣት ነው። ልጁ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሱቁ መጥቶ ሳለ ነጋዴው ስለ አዲሱ ቴሌቪዥን ሲነግሩት፣ «ጋሼ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንዴ ልለካው» አላቸው። «ምኑን ነው የምትለካው? ጠፋ አይደል ወይ፣ ልጄ» ሲሉት፣ «የት እንደሚጠፋ ነዋ» ብሎ መለሰ።

ልጁ ያደረገው ምርመራ ማንኛውም ነጋዴ በሱቁ ሊያደርገው የሚችል ነው። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘ፤ በቤቱ ያሉትን ስልኮች ሁሉ ከዋይፋይ አስወጣ፤ ከዚያም ስፒድቴስት በተባለው መለኪያ ፍጥነቱን ለካ። 9.4 ሜጋቢት አገኘ። ገመዱን ነቅሎ በዚያው በሱቁ ውስጥ በዋይፋይ ለካ፤ ያው ሆነ ማለት ይቻላል። ወደ ሳሎኑ ሄዶ ሪፒተሩን ካጠፋ በኋላ በቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ሲለካ 0.8 ሆነ። በዚህ ሁኔታ ኩባንያው የተዋዋለውን በሙሉ ማለት ይቻላል ቢያደርስም፣ ከሱቅ እስከ ሳሎን ባለው መንገድ ላይ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ይቀልጥ እንደ ነበር ተረጋገጠ። መለኪያው በሱቅም በሳሎንም እኩል ዝቅ ብሎ ቢገኝ ኖሮ ግን ጥፋቱ ከውጭ ነው ማለት በተቻለ ነበር።

የበለጠ ለማረጋገጥ ፒንግ የተባለውን ትእዛዝ ወደ ራውተሩ አድራሻ ላከ፤ አድራሻው በብዙ ሣጥኖች ላይ 192.168.1.1 ሲሆን፣ ከሣጥኑ በታች ተጽፎ ይገኛል። ይህ ትእዛዝ ወደ ውጭ ስለማይወጣ የሚመዝነው የቤቱን አየር ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ መልሱ በ2 እና በ3 ሚሊሴኮንድ ይመለስ ነበር፤ ከሳሎን ሲላክ ግን አንዳንዱ 40፣ አንዳንዱ እስከ 900 ሚሊሴኮንድ ይቆያል፤ ጥቂቱም መልስ ሳይገኝለት ቀረ። ከዚህ በኋላ ስለ ፓኬጅ መከራከር አላስፈለገም።

እንግዲህ በክረምት ደኅና የነበረው አየር በታኅሣሥ ምን ነካው? መልሱ በመጋዘኑ ውስጥ ነበር። በክረምት መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ የዋይፋዩ ማዕበል በሱቁ የኋላ በርና በመጋዘኑ የእንጨት መስኮቶች ሾልኮ ያልፍ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ኮምባይነሮቹ ማሳ ውስጥ ሲገቡ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ድረስ በስንዴ ጆንያ ሞላ። ደረቅ የሚባለው ስንዴ እንኳ ከክብደቱ ከመቶ 12 ያህሉ ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ይህን ማዕበል ይመጠዋል። ጥቂት ጆንያዎች የሚያመጡት ጕዳት ባይታወቅም፣ በርካታ ሜትር ውፍረት ያለው ክምር የአፈር ግንብ ያህል ይቆጠራል። ስለዚህም በእህል ነጋዴ ቤት ዋይፋይ ወቅት ያለው ነገር ሆኖ ቢገኝ አይደንቅም፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ግን በየወሩ ኩባንያውን መውቀስ ይመጣል።

ስለ ሌሎቹ መሰናክሎችም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ብረት ነው፤ ቆርቆሮ፣ የብረት በር፣ ማቀዝቀዣ፣ የብረት መደርደሪያ ማዕበሉን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ትልቅ መስተዋትም በጀርባው ካለው የብረት ቅብ የተነሣ እንዲሁ ያደርጋል። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ያሳልፋል፤ በክረምት ሲረጥብ ግን ይከብዳል። ከዚህም ሌላ በብዙ ቤቶች የሚታይ አንድ ልማድ አለ፤ ሣጥኑ ለዓይን አያምርም ተብሎ በቡፌው ውስጥ ከብርጭቆው ኋላ ይቀመጣል፤ ወይም ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ ማዕበሉን አይከለክልም፤ ነገር ግን ሙቀቱን ያፍናል፤ የጋለ ራውተርም ይደናገራል፣ ራሱንም እያጠፋ ያበራል። ወይዘሮዋን ላለማስከፋት ሲባል ዳንቴሉን ከሣጥኑ ሥር ማንጠፍ ይቻላል።

ዋይፋይ የሚሠራባቸው ሁለት ዋና ዋና የማዕበል መደቦች አሉ። አንደኛው 2.4 ጊጋኸርትዝ ሲባል ሁለተኛው 5 ጊጋኸርትዝ ነው። የፊተኛው ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ግድግዳም ይበሳል፤ ነገር ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው። የኋለኛው ሰፊና ፈጣን ሲሆን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። የዩናይትድ ስቴትስ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. እነዚህን የመሰሉ መደቦች ማንም ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ከፈቀደ ወዲህ፣ በ2.4 መደብ ላይ ያልሰፈረ መሣሪያ የለም ለማለት ይቻላል። የማይክሮዌቭ ምድጃ በዚሁ መደብ ይሠራል፤ ብሉቱዝ የተባለውም በዚሁ ይነጋገራል፤ የጐረቤት ራውተርም እንዲሁ። በዚህ መደብ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት ቻነሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ተያይዘው በተሠሩ ሱቆች ውስጥ አምስቱም ጐረቤታሞች 6ኛው ላይ ከተቀመጡ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሁሉም ይጮኻል እንጂ የሚሰማ አይኖርም። በስልክ ላይ በሚጫን የዋይፋይ መመርመሪያ ባዶውን ቻነል አይቶ መቀየር አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላው ነገር፣ በአንድ ቻነል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ መሆኑ ነው። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ከግቢው ጫፍ ሆኖ በደካማ ምልክት የሚጐትት አንድ ስልክ፣ ቃሉን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ በራውተሩ አጠገብ ያለውንም ቴሌቪዥን ያዘገያል። ለጐረቤትና ለደንበኛ ሁሉ የታደለ የይለፍ ቃል በዚህ ረገድ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። እንዲሁም ስልኮች ሌሊት ሊያደርጉት የሚገባቸውን ፎቶግራፍ የመላክና ፕሮግራም የማደስ ሥራ ልክ ቤተ ሰቡ ፊልም ሲያይ እንዳይጀምሩ ቅንብራቸውን ማስተካከል ይገባል።

ወደ ሪፒተሩ እንመለስ። ይህ መሣሪያ ከዋናው ሣጥን የሰማውን ደግሞ ይናገራል፤ በዚያው ቻነል ስለሚሰማና ስለሚናገር፣ በተሻለው ሁኔታ እንኳ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ነጋዴው ደግሞ የሰኩት ሥዕሉ በሚጠፋበት በሳሎኑ ውስጥ ነበር። 0.8 የሰማ ሪፒተር ከ0.8 በላይ ሊናገር አይችልም። በስልኩ ላይ ሞልቶ የታየው ምልክት የሚያመለክተው ስልኩ ሪፒተሩን በደኅና መስማቱን ብቻ ነው፤ ሪፒተሩ ዋናውን ሣጥን መስማት አለመስማቱን አያመለክትም። መሣሪያው የሚጠቅመው ምልክቱ ገና ጥሩ በሆነበት በመካከለኛው ቦታ ሲሰካ ነው። በእኚህ ነጋዴ ቤት መካከለኛው ቦታ የስንዴው ክምር ስለ ነበር፣ ሪፒተሩ ቦታ አልነበረውም። ቸርቻሪዎች ይህን መሣሪያ ሲሸጡ ገዢውን የት ሊሰካው እንዳሰበ ቢጠይቁት፣ በማግሥቱ ከሚመለስባቸው ዕቃ ብዙው በቀነሰ።

የተደረገው መፍትሔ ቀላል ነው። ከሱቁ እስከ ሳሎኑ የኔትወርክ ገመድ ተዘረጋ፤ በሳሎኑም ጫፍ ሁለተኛ ራውተር ተሰካ። በዚህ ሁለተኛ ሣጥን ውስጥ ዲኤችሲፒ የተባለው አድራሻ የማደል ሥራ እንዲዘጋ ተደረገ፤ በአንድ ቤት ሁለት አዳዮች ሲኖሩ መሣሪያዎቹ ይምታታባቸዋልና። ለአድራሻውም ከመጀመሪያው ሣጥን የተለየ ቍጥር ተሰጠው። ሱቁ በ1ኛው ቻነል፣ ሳሎኑ በ11ኛው እንዲሠሩ ተወሰነ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ከሁለተኛው ሣጥን ጋር በአጭር ገመድ ስለ ተገናኘ፣ አየሩ ለስልኮቹ ብቻ ተለቀቀ። በሳሎኑ 9 ሜጋቢት ተለካ። በወሩ መጨረሻ ነጋዴው ፓኬጁን ወደ 5 መለሱት፤ ሥዕሉም አልተቆረጠም። አራት ወር ሙሉ የከፈሉት ጭማሪ ግን አልተመለሰም።

ስለ ገመዱ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ይህ ዓይነቱ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ብቻ እንዲሠራ የተደነገገ ነው። በገበያ ላይ ደግሞ መዳብ እየተባለ የሚሸጥ፣ ግን በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም የሆነ ርካሽ ገመድ ይገኛል፤ ሽቦው በቢላዋ ጫፍ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ ንጹሕ መዳብ ግን እስከ ውስጡ ቀይ ነው። አልሙኒየሙ ቶሎ ይሰበራል፤ በረዥም ርቀትም ይደክማል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ መብረቅ ነው። በጭላሎ ግርጌ ያሉ ከተሞች የክረምቱን ነጐድጓድ ያውቁታል፤ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት በአየር የተንጠለጠለ የመዳብ ገመድ የመብረቅን ኃይል ወደ ሁለቱም ሣጥኖች ሊያስገባ ይችላል። በቱቦ አድርጎ መቅበር ይሻላል፤ ነጐድጓዱ ሲቀርብም ጫፎቹንና የኤሌክትሪኩን መሰኪያ መንቀል ያስፈልጋል።

በመጋዘኑ ውስጥ በቪዲዮ ለሚነጋገሩ ደግሞ አንድ ቀላል ምክር አለ። ስልክ አንድ ጊዜ የያዘውን ዋይፋይ ደካማ ቢሆንም ቶሎ አይለቅም፤ በአጠገቡ ጥሩ የሞባይል ዳታ እያለ በተቆራረጠው ዋይፋይ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው ከመደወሉ በፊት ዋይፋዩን ዘግቶ በሞባይል ዳታ መነጋገር፣ ቆርቆሮውም ይህንን ስለሚያዳክመው ናሙናውን ወደ በሩ አውጥቶ በብርሃን ማሳየት ነው። ነጋዴው ያን ዕለት ይህን አውቀው ቢሆን ኖሮ ሽያጩ ሳያመልጣቸው ይቀር ይሆናል።

ሁሉም ጥፋት ከግቢ ነው ለማለት ግን አይደለም። በገመድ ሲለካም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ደኅና ሆኖ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ መጨናነቁ ከውጭ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው መሥመር ከማዞሪያው በራቀ መጠን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ውኃ የገባበት መገጣጠሚያም በዝናብ ቀን ያቋርጠዋል፤ በዚያው ሽቦ የሚሠራ ስልክ ካለ አንሥቶ ማዳመጥ ነው፤ የሚንሿሿ ድምፅ ምልክት ይሆናል። በሞባይል ሲም የሚሠራ ራውተር ያለው ሰው ሣጥኑን ማማው ወደሚገኝበት ወገን ባለው መስኮት አጠገብ ያድርገው። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሚደርስበት ቦታ የሁለቱን ኩባንያዎች ምልክት አወዳድሮ መምረጥ ይቻላል። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 የሚደውል ሰው በበኩሉ «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በገመድ የለካውን ቍጥር ከነሰዓቱ ቢያቀርብ አቤቱታው ክብደት ይኖረዋል። የኤሌክትሪክ ኃይልም አይዘነጋም፤ መብራት ብልጭ ባለ ቍጥር ራውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ደቂቃዎች ስለሚወስድ፣ ለእርሱ ብቻ የምትበቃ ትንሽ ባትሪ ያላት ዩፒኤስ ብዙ ንዴት ታስቀራለች።

አስመጪዎችን በሚመለከት፣ በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ቍጥር ሊያታልል እንደሚችል ማወቅ ይገባቸዋል። ኤሲ 1200 የተባለ ራውተር 300ውን የ2.4 መደብ ከ867ቱ የ5 መደብ ጋር ደምሮ የተሰየመ ነው፤ አንድም ስልክ 1200 አያገኝበትም። ብዙዎቹ ርካሽ ሣጥኖች በ2.4 መደብ ብቻ የሚሠሩ ሲሆን፣ የገመድ ቀዳዳቸውም ከ100 ሜጋቢት አይበልጥም። በአዲስ አበባ ተያይዘው በተሠሩ ፎቆች ውስጥ ለሚኖር ደንበኛ ባለ ሁለት መደቡ ይሻለዋል፤ ግቢው ለተንጣለለ የኢተያ ወይም የአሰላ ደንበኛ ግን አንድ ውድ ሣጥን ከመሸጥ ይልቅ ሁለት መጠነኛ ሣጥኖችና አንድ ጥቅል ንጹሕ የመዳብ ገመድ መሸጥ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ዕቃው ከመጫኑ በፊትም፣ በዐዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ መገናኛ መሣሪያዎች ዓይነት ማረጋገጫ የሚጠይቀውን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ዕቃው በጉምሩክ ከቆመ በኋላ ከመሯሯጥ ያድናል።

የእኚህ ነጋዴ ገመድ የተዘረጋው መጋዘኑ እንደ ሞላ ነበር። በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ለማሳለፍ ቢሞከርም ጆንያዎቹ ከግድግዳው ጋር ስለ ተጠጋጉ፣ በአጥሩ ዙሪያ በቱቦ ተቀብሮ እንዲሄድ ሆነ፤ 40 ሜትር ይበቃ የነበረው 70 ሜትር ፈጀ። በመጋዘኑ በር አናት ላይ ለገዢዎች ንግግር የሚሆን ሦስተኛ ሣጥን እንዲሰቀልም ታስቧል፤ ይህ ግን ስንዴው ተሽጦ ግድግዳው እስኪታይ ድረስ መቆየት አለበት።